የፎቶግራፉ ጀርባ

በዛሬው የቤተሰብ ማዕዘን የምናነሣው ጉዳይ መነሻው አንድ የፎቶግራፍ አልበም ነው። አልበሙ በቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ገጾቹ ሲገለጡ አብዛኛው ሰማያዊና ነጭ ነው፤ ሰማያዊው ባሕር፣ ነጩ ጨው። ከመካከላቸው ግን ባሕርም ጨውም የማይታይበት አንድ ፎቶግራፍ አለ። የተኛች ሕፃን ትታይበታለች። ወደዚያች ሕፃን እስክንደርስ ድረስ በባሕሩ ዳርቻ ጥቂት አብራችሁን እንድትጓዙ እንጠይቃለን።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ለአጭር ሥራ ከጥቂት ጓዶች ጋር ወደ ጅቡቲ ወርደን ነበር። የሥራው ነገር ለዚህ ዓምድ አይሆንምና እንለፈው። የተጓዝነው በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የባቡር መሥመር ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው አሮጌው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነበር። ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው ባሕሩን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በቆዳው ያውቀዋል። አየሩ ይከብዳል፤ ሸሚዝ ከጀርባ ይጣበቃል፤ ከንፈር ጨው ጨው ይላል።

ዕድሜያችን ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት ቢቀረውም ባሕርን ስናይ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ወላጅ አባታችን በወጣትነታቸው በምፅዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ስለዚህ ባሕርን እስከዚያ ቀን ድረስ የምናውቀው ከቤታችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ባሕሩን እንዳየን የእጅ ስልካችንን አውጥተን ማንሣት የጀመርንበት ምክንያትም ይኸው ይመስለናል፤ በልጅነታችን በግድግዳ ላይ ያየነውን ለልጃችንም ልናሳያት ፈለግን።

ከመነሣታችን በፊት የተሰጠን መመሪያ አጭርና ግልጽ ነበር። በወደብ፣ በመርከብ፣ በጦር ሠፈርና በፍተሻ ኬላ አካባቢ ካሜራ አይወጣም። ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና የጦር ሠፈሮች የሚገኙባት አገር ስለሆነች እንግዳ ወታደር እጁንም ካሜራውንም መሰብሰብ ይገባዋል። ከዚህም በላይ የባሕሩ ዳርቻ የጎረቤት ሕዝብ ቤት ነው፤ በሰው ደጃፍ የቆመ እንግዳ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ዓሣ አጥማጆቹን ከማንሣታችን በፊት እንጠይቃቸው ነበር። ከፊሉ ሣቀና ፈቀደ፤ ከፊሉ እጁን አወዛወዘ፤ እኛም ተውነው።

በመጀመሪያው የዕረፍት ቀን ወደ አርታ የባሕር ዳርቻ ሄድን። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነጠብጣቡ ታላቅ ሻርክ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ በግዝፈቱ ቀዳሚው እርሱ ሲሆን ሰው ግን አይበላም፤ አፉን ከፍቶ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ከውኃው ውስጥ እያጣራ ይመገባል። እኛ ያየነው ጀርባውን ብቻ ነው። በፎቶግራፉ ላይም ከጥቁር ጥላ በቀር የወጣ ነገር የለም። እዚያው ጓዶቻችንን ባሕሩን አስደግፈን ስናነሣቸው ፊታቸው እንደ ከሰል ጠቆረ። ምክንያቱ ኋላ ገባን፤ ካሜራው ብርሃኑን የሚለካው ከሚያብረቀርቀው ውኃ ስለሆነ ሰውየውን በጨለማ ይተወዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት በፊት ማንሣት፣ ሰውየውን ፀሐይ በጎኑ እንድታገኘው ማዞር፣ በመስተዋቱ ላይ ያረፈውንም የባሕር ጤዛ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

በሁለተኛው ቀን ወደ አሳል ሐይቅ ወረድን። አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በአፍሪካ ምድር ከዚህ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። ውኃው ከአጠገቡ ካለው ከጉቤት ባሕር በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ዐለት ሥር እየሰረገ ይገባል። ፀሐይ ውኃውን ትወስደዋለች፤ ጨው ይቀራል። ጨዋማነቱ ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ነው። በሐይቁና በባሕሩ መካከል የሚገኘው አርዱኮባ በ1971 ዓ.ም. ፈንድቶ የተፋው ጥቁር ዐለት ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል። የአፋር ነጋዴዎች ከዚህ ሐይቅ ጨው እየቆረጡ በግመል ወደ ኢትዮጵያ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ያንን ንዳድ በእግር ያቋረጡትን ሰዎች ያሰበ ሁሉ ወጡ ላይ የሚነሰንሳትን ቁንጥር ጨው አይንቃትም።

ነጩን ጨው ስናነሣው ግራጫ ሆኖ ወጣ። ካሜራ ከልክ ያለፈ ነጭ ነገር ሲገጥመው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል። እንዲህ ባለ ቦታ የብርሃኑን መጠን በእጅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እኛም ይህን ለማስተካከል ባርኔጣችንን አውልቀን፣ በጨው ላይ ተንበርክከን፣ በቀትር ፀሐይ ብዙ ቆየን። ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ጊዜ ከትዝታችን ጠፍቷል። የነቃነው ጓዶቻችን በመኪናው ጥላ ሥር አስተኝተውን ውኃ ሲያፈሱብን ነው። በዚያው ምሽት ከሁሉ ያማረውን የጨው ፎቶግራፍ መርጠን በቴሌግራም ለባለቤታችን ላክንላት። ከሥሩ የጻፍነው ይህን ብቻ ነበር፤ «ዛሬ አሳል ነበርኩ። ውበቱ ቃል የለውም። ደኅና ነኝ።»

በማግሥቱ የባሕረ ሰላጤውን ዳር ይዘን ታጁራ ገባን። ታጁራ መስጊዶቿና ቤቶቿ ነጭ የሆኑ፣ ከተራራና ከውኃ መካከል የተቀመጠች ጥንታዊት የአፋር ከተማ ናት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠውን የጦር መሣሪያ ይዞ፣ የግመል ጓዙ እስኪሰናዳለት በ1878 ዓ.ም. ብዙ ወራት የተቀመጠው እዚህ ነው። ይህን ሰው ያለ ነገር አላነሣነውም። ከዚያ ቀደም ብሎ በሐረር ሲኖር ከአገሩ ካሜራ አስመጥቶ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ራሱን ያነሣባቸውን ፎቶግራፎች ወደ ቤተሰቡ ላከ። በአንዱ ከቤት ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በአንዱ በቡና ተክል መካከል፣ በሌላው በሙዝ ተክል መካከል ይታያል። ፎቶግራፎቹን ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለ ነበር ነጥተው ወጡ፤ ይህንንም በደብዳቤው ገልጿል። በዚያው ደብዳቤ ግን ካሜራ የማያነሣውንም ጻፈ። ብቸኝነቱን፣ ትዳር ይዞ ቤተሰብ ባለመመሥረቱ የተሰማውን ቁጭት አልሸሸገም። ራምቦ በ1884 ዓ.ም. ኅዳር ወር ማርሴይ ውስጥ በሕመም ሲሞት ዕድሜው 37 ነበር። ዛሬ በእነዚያ ፎቶግራፎች ላይ ፊቱን ለመለየት ዓይን ይደክማል፤ የልቡ ነገር ግን በደብዳቤው ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ይህን ታሪክ በታጁራ ባሕር ዳር፣ በአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጠን ለጓዶቻችን ስንተርክ ስልካችን ድምፅ ሰጠ። ለጨው ፎቶግራፋችን መልስ መጣ። የሁለት ዓመት ልጃችን ተኝታለች፤ ጉንጭዋ ቀላ ብሏል፤ እጅዋ ከአገጭዋ ሥር ነው። ባለቤታችን ከሥሩ «ደኅና ነን» ብላለች። ደስ አለን፤ ስልኩን ለጓዶቻችን አዞርነው። ሁሉም «ታድላችሁ» አሉ። አንድ የልጆች አባት የሆኑ አዛውንት ሃምሳ አለቃ ግን ስልኩን ከያዙ በኋላ ቶሎ አልመለሱትም።

«መቶ አለቃ፣ ልጅቱ ደኅና ናት?» አሉን።

«እንደሚያዩት ነው፤ ተኝታለች» ብለን ሣቅን። እርሳቸው አልሣቁም፤ ግን ምንም አልጨመሩም።

ከአራት ቀን በኋላ ቤት ስንገባ ልጃችን ከስታ፣ ዓይንዋ ጎድጉዶ አገኘናት። ነገሩን የነገረችን ባለቤታችን አይደለችም፤ «እንኳን እግዜር ማራት» ለማለት የመጣች ጎረቤት ናት። ልጃችን በሳንባ ምች ታማ አራት ሌሊት ሆስፒታል ተኝታ ኖሯል። ፎቶግራፉ የተነሣው በሁለተኛው ሌሊት ነው። ስልካችንን አውጥተን እንደገና አየነው። በማዕዘኑ በኩል የብረት አልጋ ዘንግ አለ፤ በቤታችን ግን የብረት አልጋ የለም። ሕፃኒቱ የለበሰችው ግራጫ ብርድ ልብስ ጠርዙ ሰማያዊ መሥመር አለው፤ እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ ገዝተን አናውቅም። የጉንጭዋ መቅላትም ትኩሳት ኖሯል። ሁሉም ከፊታችን ነበረ። ፎቶግራፉን ለስምንት ሰው አሳይተን እኛ አላየነውም።

በጦር አካዳሚ ስንማር ከዕለታት አንድ ቀን ኮረብታ ላይ አውጥተው ያየነውን ሁሉ በወረቀት እንድንነድፍ አዘዙን። ዛፉን፣ መንገዱን፣ ድልድዩን ነደፍን። መምህሩ ወረቀታችንን አይተው የጠየቁን ስላልነደፍነው ነገር ነበር፤ ከኮረብታው ጀርባ ያለው፣ ከተመልካች ዓይን የተሰወረው መሬት የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ። አደጋው ያለው እዚያ ነው፤ አዛዥ የሚጠየቀውም ስለዚያ ነው። እኛ ይህን ትምህርት በጥሩ ውጤት አልፈናል። ስለ ንቃትም በየሳምንቱ እንጽፋለን። በልጃችን ፎቶግራፍ ላይ የተሰወረ መሬት ይኖራል ብለን ግን አልጠረጠርንም።

በዚያ ምሽት ባለቤታችንን ተቆጣናት። ይህን ሳንደብቅ እንጽፋለን፤ መቆጣታችን ልክ እንዳልነበረ ቀጥሎ ይታያልና።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አልናት።

«አንተ እዚያ ሆነህ ምን ታደርግልኝ ነበር? መጨነቅህ ብቻ አይደል?»

«ብጨነቅስ? አባትዋ አይደለሁም?»

እርስዋም ዝም ብላ ቆየችና «አንተስ አሳል ላይ የወደቅህለት ቀን ምን ብለህ ጻፍህልኝ?» አለችን። ወሬው ከጓዶቻችን በአንደኛው ባለቤት በኩል ደርሷት ኖሯል። «አርባ ፎቶግራፍ ልከህልኛል። ባሕር አየሁ፣ ጨው አየሁ፣ ጀልባ አየሁ። አንተ በአንዱም የለህበትም። እኔ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ስገልጥ የፈለግሁት ባሕሩን አልነበረም።»

መልስ አልነበረንም። እስከ ዛሬም ጥሩ መልስ አላገኘንለትም።

በሳምንቱ ወላጆቻችንን ልንጠይቅ ሄድንና ከግድግዳው ላይ የአባታችንን ፎቶግራፍ አወረድነው። በ1977 ዓ.ም. በምፅዋ ባሕር ዳር የተነሣ ነው። አራት ወጣት መርከበኞች ነጭ የደንብ ልብስ ለብሰው ይሥቃሉ። አባታችን ከግራ ሁለተኛው ናቸው፤ ግራ እጃቸው ከጓደኛቸው ጀርባ ተሰውሯል። በልጅነታችን ጓደኛቸውን ያቀፉ ይመስለን ነበር። በጀርባው በእጃቸው የጻፉት «ደኅና ነኝ፤ ባሕሩ እንደምታዪው ነው» ይላል። እናታችን በዚያ ፎቶግራፍ ስድስት ወር ተጽናኑ። አባታችን ለፈቃድ ሲመጡ ግን ግራ እጃቸው ከክርን እስከ ጣት ጠባሳ ነበር። ከመርከቡ ሞተር ክፍል ያመለጠ እንፋሎት አቃጥሏቸው፣ ፎቶግራፉን የተነሡት ከሕክምና በወጡ በሦስተኛው ቀን ኖሯል።

እናታችን ይህን ሲያወጉን ቡና እየቀዱ ነበር። «ጠባሳው አላስደነገጠኝም» አሉ። «ያስደነገጠኝ ስድስት ወር ሙሉ ያንን ሥዕል እያየሁ ደስ ሲለኝ መክረሜ ነው። ከዚያ ወዲያ በጻፈልኝ ቁጥር ደኅና ነኝ ካለ አላምነውም ነበር።»

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለፍቅር ብለን የምንደብቀው ነገር በተገለጠ ጊዜ የሚጎዳው የዚያን ቀን መልእክት ብቻ አይደለም፤ ወደፊት የምንጽፈውን «ደኅና ነኝ» ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል። ወታደር ከቤቱ ርቆ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። በመካከሉ ያለው ድልድይ ቃል ብቻ ነው። ድልድዩ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ ከዚያ ወዲያ የሚሻገርበት ሁሉ እግሩን እየፈራ ያነሣል።

በሌላ ወገን የባለቤታችንም ሐሳብ ቀላል አይደለም። በጥበቃ ላይ ያለ ሰው ልቡ ከተከፈለ ራሱንም ጓዱንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በቤታችን ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማንበትን ደንብ እነሆ። ከባድ ወሬ የሚነገረው እንደ ጦር ሜዳ ሪፖርት በሦስት ነጥብ ነው፤ ምን ሆነ፣ ምን ተደረገ፣ ከአንተ ወይም ከአንቺ ምን ይፈለጋል። «ልጅቱ በሳንባ ምች ታመመች። ሆስፒታል ናት፤ ሐኪም ይዟታል፤ ጎረቤት ከእኔ ጋር ታድራለች። ከአንተ የምፈልገው ማታ ማታ እንድትደውል ብቻ ነው።» እንዲህ ያለ ወሬ ያስደነግጣል፤ ግን እጅና እግር አያስርም። የሚያስረው ግማሽ ወሬ ነው።

ጎረቤታችንንም ሳናነሣ አናልፍም። ያቺ የሃምሳ አለቃ ባለቤት የራስዋን ሦስት ልጆች ለታላቂቱ አደራ ብላ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ፣ ሁለቱን ሌሊት ከባለቤታችን ጎን አድራለች። በጦር ሠፈር ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለው ውለታ በየቀኑ ይሠራል፤ ፎቶግራፍ ግን አያነሣውም።

ፎቶግራፍ ማንሣትን በሚመለከት ደግሞ ከጉዞአችን የተማርነውን በአጭሩ እናቅርብ። አንደኛ፣ ግዳጅ ላይ ያለ ሰው ከማንሣቱ በፊት የስልኩን የሥፍራ ምልክት ያጥፋ፤ ስልክ በፎቶግራፉ ውስጥ የተነሣበትን ቦታና ሰዓት ሊከትብ ይችላልና። ሁለተኛ፣ ከአሥር መልክዓ ምድር መካከል ቢያንስ በአንዱ ውስጥ ራስህ ግባ፤ ቤተሰብህ ባሕሩን አልናፈቀም። ሦስተኛ፣ ከተነሡት መካከል ጥቂቶቹን ፎቶ ቤት ወስዶ ማሳተም ይገባል። ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል፤ ከእርሱም ጋር የሁለት ዓመት ልጅነት ሊጠፋ ይችላል። አራተኛውና ዋናው፣ በጀርባው ጻፉበት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ አብረው የቆሙትን ሰዎች ስም፣ በዚያ ቀን የሆነውንም እውነተኛ ነገር በአንድ መሥመር ጻፉ።

ስም የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። አባታችን ጋር ከተነሡት ሦስት መርከበኞች መካከል ሁለቱ በ1982 ዓ.ም. የካቲት ወር ምፅዋ ላይ ከተደረገው ውጊያ አልተመለሱም። ምፅዋ ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት፤ አባታችንም ከዚያ ወዲያ አላዩአትም። ከፎቶግራፉ ጀርባ የማንም ስም ስላልተጻፈ እነዚያን ወጣቶች በስማቸው የሚያውቋቸው አባታችን ብቻ ነበሩ፤ ዕድሜአቸውም እየገፋ ነው። በዚያ ቀን ፎቶግራፉን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን እስክሪብቶ ሰጠናቸው። በጠባሳማው ግራ እጃቸው ካርዱን ይዘው ሁለቱን ስም ከነአባታቸው ጻፉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የሚያስታውሱት ጓደኞቹ ያወጡለትን የቅጽል ስም ብቻ ኖሯል። ብዙ ከቆዩ በኋላ ያንኑ ጻፉት፤ ከጎኑም «ጥሩ ዋናተኛ ነበር» ብለው ጨመሩበት።

እኛም ቤት ስንመለስ አልበሙን አውጥተን ተቀመጥን። በአሳል ፎቶግራፍ ጀርባ «እዚህ ወደቅሁ፤ ጓዶቼ አነሡኝ» ብለን ጻፍን። ባለቤታችን የልጃችንን ፎቶግራፍ ገልብጣ ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለች፤ «ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ሌሊት። ትኩሳቷ 39 ነበር። ፈርቼ ነበር።»

እናንተስ በየግድግዳው ላይ የሰቀላችሁትን ፎቶግራፍ ጀርባ መቼ አያችሁት? ዛሬ ማታ አውርዳችሁ እዩት።

ለሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።